ሁለት ወረቀት ይዛ የመጣች እናት፦ ሀዋሳ ላይ ያጋጠመኝ የዲኤንኤ እና የአርኤንኤ ጉዳይ

ሰኞ ጠዋት ነበር። ሰኞ ሰኞ የላቦራቶሪያችን ሰልፍ እስከ ካርድ ክፍሉ በር ይደርሳል። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ሰልፉን አልፋ በቀጥታ ወደ መስኮቱ መጣች። ማንም አልተቆጣትም። ፊቷን ያየ ሁሉ ዞር ብሎ አሳለፋት።

ሁለት ወረቀት አስቀመጠችልኝ። አንዱ የራሷ ነው፤ ከእኛው ጤና ጣቢያ የወጣ የኤችአይቪ ቫይራል ሎድ (ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ውጤት፣ «አልተገኘም» የሚል። ሁለተኛው የልጇ ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት ከአንድ የግል ክሊኒክ የተሰጣት፣ በእስክሪብቶ «ፖዘቲቭ» ተብሎ የተጻፈበት።

«ሲስተር፣ እኔ ድኛለሁ፣ ልጄ ታመመች። ከእኔ ወጥቶ ነው እሷ ውስጥ የገባው?»

ሲስተር አይደለሁም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ግን እዚህ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት። ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ተጠይቄ አላውቅም። ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። በሩን ከፍቼ ወደ ውስጥ አስገባኋትና ወንበር ሰጠኋት።

ይህን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው። ዕድሜዋን፣ ሰፈሯንና አንዳንድ ጥቃቅን ነገሮችን ለውጫለሁ። ሥራዋን ግን አልለወጥኩም። እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች፤ ሀዋሳ ውስጥ በዚህ ሥራ የምታድር ሴት ደግሞ አንድ ሁለት አይደለችም። ሥራዋ ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ በኋላ ይገባችኋል።

ሁለቱም ወረቀቶች ውሸት አልጻፉም። ሁለቱም ግን እሷ እንዳነበበቻቸው አልነበሩም። ዲኤንኤና አርኤንኤ የህዋስንም የቫይረስንም መረጃ የሚሸከሙ ሁለት ሞለኪውሎች ናቸው። አንዱ ወረቀት አርኤንኤ ፈልጎ አጣ። ሌላው ዲኤንኤም አርኤንኤም አልፈለገም። የሁለቱንም ጉዳይ የሚፈታው ዲኤንኤ ነበር፣ እሱን ደግሞ በዚያች ሰኞ ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ በፊት የሆነው

ኤችአይቪ በደሟ ውስጥ እንዳለ ያወቀችው ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ ነው። መድኃኒት በዚያው ቀን ጀመረች። በቀን አንድ ክኒን ነው፤ አንዱ ክኒን ግን ሦስት መድኃኒት ይዟል፣ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። ልጅቷ በሰላም ተወለደች። መከላከያ ሽሮፗን ወሰደች። በ6 ሳምንቷ ከተረከዟ ደም ተወስዶ ዲኤንኤ ፒሲአር፣ የቫይረሱን ዲኤንኤ እያባዛ የሚፈልግ ምርመራ፣ ተሠራላት፣ ኔጌቲቭ መጣ። 5 ወር ሲሞላት ደግሞ የእናትየው ደም ለቫይራል ሎድ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ መስኮቱ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።

«ምንም የለም! ጎበዝ፣ በርቺ» አልኳት።

ከልቤ ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት። እንዲህ ዓይነት ውጤት ለእኛም የምሥራች ነው። ግን «ምንም የለም» ማለት አልነበረብኝም፤ ወረቀቱ እንደዚያ አይልም፣ እኔም እንደዚያ እንደማይል አውቃለሁ።

ቤቷ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራይ አለ። ብልቃጡ ሲነሳ ክኒኖቹ ይንኳኳሉ፣ ስለዚህ እንዳይሰማ ውስጡ ጥጥ ትጠቀጥቅ ነበር። የምትደብቀው የጤፍ ዱቄቱ ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ባሏ ያውቃል፣ አማቷ አያውቁም፣ አማቷ ደግሞ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። በየማታው ዱቄት የምትሰፍር መስላ ክኒን ታወጣለች። እንዲህ ለምትኖር ሴት የጤና ባለሙያ በገዛ አፉ «ምንም የለም» ቢላት፣ ብልቃጡን ለምን ታስቀምጠዋለች? አላስቀመጠችውም፣ ክኒኑንም አቆመች።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ልጅቷን ሳል ያዛት። የእናትየው እህት ይዛት ወደ ክሊኒክ ሄደች፣ እዚያ ደም ተወሰደላት፣ መመርመሪያው ላይ ሁለት መስመር ወጣ። እናትየው ያንን ሌሊት አልተኛችም።

ክሊኒኩ ያየው ነገር

በጥቂት ደቂቃ የሚነበበው ፈጣን ምርመራ ቫይረሱን አያይም። የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው። ለአዋቂ ሰው ይህ ይበቃል፣ ምክንያቱም አንቲቦዲውን የሠራው የራሱ ሰውነት ነው። ሕፃን ግን በማህፀን እያለች የእናቷን አንቲቦዲ በእንግዴ ልጁ በኩል ትቀበላለች፣ ይህም እስከ 18 ወር ድረስ ደሟ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ሕፃን በእናቷ ነጠላ ተጠቅልላ ስትመጣ መጀመሪያ የሚታየው ነጠላው ነው። ክሊኒኩ ነጠላውን አይቶ ስለ ሕፃኗ ጻፈ። ወረቀቱ ላይ «ከ18 ወር በታች ስለሆነች ዲኤንኤ ያስፈልጋል» ቢባል ኖሮ አንድ ሌሊት ያህል መከራ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ለጥያቄዋ የመጀመሪያው መልሴ «ልጅሽ ታማለች ማለት አይደለም» የሚል ነበር። ሁለተኛውን መልስ ለመናገር ግን ጨነቀኝ። «ድኛለሁ» ያለችውን ማፍረስ አለብኝ፣ ያንን ቃል ያበቀልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ካርድ ክፍሉና ቁራጭ ወረቀቱ

መጀመሪያ ወደ ካርድ ክፍሉ ጠቆምኳት። የእያንዳንዱ ታካሚ ማህደር እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው። ከክፍል ክፍል የሚዞረው ቁራጭ ወረቀት ነው። ሐኪሙ ይጽፈዋል፣ እኛ እናነበዋለን፣ ፋርማሲ ይደርሳል፣ ማታ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ማህደሩ ግን ለዓመታት ይቆያል። በሰው ህዋስ ውስጥ ዲኤንኤ ማህደሩ ነው፣ ኒውክሊየስ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። አርኤንኤ ቁራጭ ወረቀቱ ነው፤ ከማህደሩ የሚያስፈልገውን ብቻ ገልብጦ ይወጣል፣ ፕሮቲን እንዲሠራ ያዝዛል፣ ሥራው ሲያልቅ ይፈርሳል። አርኤንኤ ከዚህም በላይ ብዙ ሥራ አለው፤ ፕሮቲን የሚገጣጥመው ራይቦዞም ራሱ በአብዛኛው አርኤንኤ ነው። ለእሷ ጥያቄ ግን ይህች ትበቃለች።

ለእናንተ ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም የኋላው ታሪክ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ስኳርና ፎስፌት እየተቀባበሉ የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው፣ በየስኳሩ ላይ አንድ አንድ ፊደል የተንጠለጠለበት። ዲኤንኤ እንደተገመደ ገመድ ባለ ሁለት ሰንሰለት ነው። አርኤንኤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነጠላ ሰንሰለት ነው። ትልቁ ነገር ስኳሩ ላይ ነው። የአርኤንኤ ስኳር ራይቦስ ይባላል፣ የዲኤንኤው ዲኦክሲራይቦስ። «ዲኦክሲ» ማለት ኦክስጅን የጎደለው ማለት ነው። በእርግጥም የሚለያዩት በአንድ የኦክስጅን አቶም ነው፣ በስኳሩ ሁለተኛ ካርቦን ላይ።

አንድ አቶም ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ብዙ ያደርጋል። አርኤንኤ ላይ ያለችው ያቺ ኦክስጅን፣ ከሃይድሮጅኗ ጋር ሆና፣ አጠገቧ ያለውን ማያያዣ ታጠቃለች፣ ሰንሰለቱም በራሱ እጅ ይቆረጣል። በዚህ ላይ አርኤንኤን የሚፈጩ ኢንዛይሞች አሉ፤ ቆዳችን ላይ፣ ላባችን ውስጥ፣ የትም አሉ፣ በቀላሉም አይጠፉም። ዲኤንኤ ያቺ ኦክስጅን ስለሌለችው የራሱን ሰንሰለት የሚቆርጥበት ቢላ የለውም። ከግሪንላንድ አፈር 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የቆየ ዲኤንኤ ተነቧል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው የታተመው።

ፊደላቸውም በአንድ ይለያል። አዴኒን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን የጋራ ናቸው። አራተኛው ዲኤንኤ ላይ ታይሚን ነው፣ አርኤንኤ ላይ ዩራሲል። ተማሪ ሳለሁ ይህን ሸምድጄ ነው ያለፍኩት፣ ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ሳይቶሲን አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ተበላሽቶ ወደ ዩራሲል ይለወጣል። ዩራሲል የዲኤንኤ መደበኛ ፊደል ቢሆን ኖሮ ጥገና የሚያደርገው ኢንዛይም የትኛው ነባር፣ የትኛው ብልሽት እንደሆነ መለየት አይችልም ነበር። ማህደር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ብቻ ይጻፍ የሚል ሕግ ካለ፣ ቀይ ቀለም ያየ ሰው ስህተት እንደገባ ወዲያው ያውቃል። ዲኤንኤ ላይ ዩራሲል ማለት ያ ቀይ ቀለም ነው። ማህደር ስለሆነ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይገባዋል። ነገ ለሚጣል ቁራጭ ወረቀት ግን ማን ይጨነቃል?

አሁን ወደ ቫይረሱ። ኤችአይቪ ማህደር ይዞ አይመጣም። የሚመጣው ቁራጭ ወረቀት ይዞ ነው፤ ሁለት ቅጂ አርኤንኤ፣ እያንዳንዱ ወደ 9,700 ፊደል ያህል። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ እንደ ጉንፋን ቫይረስ መጥቶ ይሄድ ነበር። ግን አንድ ኢንዛይም አለው፣ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የሚባል፣ ከአርኤንኤ ላይ ዲኤንኤ የሚጽፍ። ይህን አስቡት። ቁራጭ ወረቀት ይዞ ካርድ ክፍል ገባና በወረቀቱ ልክ አዲስ ገጽ ጻፈ። ከዚያ ኢንተግሬዝ የሚባለው ሌላው ኢንዛይም ያንን ገጽ ወስዶ በሰውየው ማህደር ውስጥ፣ 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደል መካከል፣ ይሰፋዋል። ከዚያ በኋላ ያ ህዋስ የቫይረሱን ገጽ ከራሱ ገጽ ለይቶ አያውቅም።

እንዲህ ያለ ወደ ኋላ የሚጽፍ ኢንዛይም መኖሩ እስከ እ.ኤ.አ. 1970 አልታወቀም ነበር። መረጃ ከዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ብቻ ይሄዳል ብሎ ብዙው ሰው ያምን ነበር። ሀዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር በየፊናቸው፣ በእንስሳት ቫይረሶች ላይ ሲሠሩ፣ ኢንዛይሙን አገኙት፣ በ1975ም ኖቤል ተሸለሙበት። ኤችአይቪ ገና አልታወቀም ነበር። ፓሪስ ላይ ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኜ በ1983 ቫይረሱን ሲያገኙት መኖሩን ከጠቆሟቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ኢንዛይም ነበር።

ቢጫው፣ ነጩና ቀዩ

ቃል ብቻ እንደማይበቃት ገባኝ። ሴንትሪፉጁ ላይ የዞረ፣ ክዳኑ የተዘጋ ቱቦ አነሳሁና አሳየኋት። ደም ሲዞር ይለያያል። ከላይ ቢጫ ፈሳሽ፣ ፕላዝማ። ከታች ቀዩ። በሁለቱ መካከል በጣም ቀጭን የሆነ ነጭ ሽፋን፣ ካልተነገራችሁ የማታስተውሉት። ያ ነጭ የደም ህዋስ ነው። ቀዩ ህዋስ ሲበስል ኒውክሊየሱን ስለሚጥል ዲኤንኤ የለውም። ማህደሩ ያለው በዚያ ቀጭን ነጭ ውስጥ ነው።

ፍሬድሪክ ሚሸር የሚባለው ስዊዘርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1869 ዲኤንኤን ለመጀመሪያ ጊዜ የለየው ከዚሁ ዓይነት ህዋስ ነው። ጀርመን አገር ቱቢንገን ላይ፣ ከሆስፒታል የተጣለ የቁስል ፋሻ እየሰበሰበ፣ መግሉን እያጠበ። መግል በአብዛኛው ነጭ የደም ህዋስ ነው። ይህችን ታሪክ ለአዲስ ተለማማጅ ሁሉ እነግራለሁ፣ እጃቸው ላይ ያለውን ነገር በሌላ ዓይን ያዩታል።

«ቫይራል ሎድ የምንሠራው ከዚህ ከቢጫው ነው» አልኳት። «ቢጫው ውስጥ እየዋኘ ያለ ቫይረስ ካለ አርኤንኤውን እንቆጥራለን። ያንቺ ቢጫ ውስጥ አልተገኘም። እውነት ነው። ነጩን ግን አላየነውም። ነጩን አውጥተን ነው የምንመረምረው።»

ነጩ የሚወጣው ሆን ተብሎ ነው። ህዋሶቹ ከቀሩ ውስጣቸው ያለው የቫይረሱ ዲኤንኤ ቆጠራውን ሊያዛባ ይችላል። ሐኪሙ ደግሞ ማወቅ የሚፈልገው መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን ነው፣ ያንን የሚነግረው አርኤንኤ ነው። አርኤንኤ የዛሬ ወሬ ነው። ደም ውስጥ የወጣ ቫይረስ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል፤ ስለዚህ ዛሬ የተቆጠረ አርኤንኤ በቅርብ የተመረተ ነው። ዲኤንኤው ግን የቆየ ታሪክ ነው፣ መድኃኒት ይሥራ አይሥራ አይነግርም። ምርመራው ትክክል ነው፣ የተመረጠውም ትክክለኛው ሞለኪውል ነው። የተሳሳተው እኔ «ምንም» ያልኳት ነው።

«ታዲያ ክኒኑ ነጩን ለምን አያጸዳውም?» አለችኝ። ዶክተሮችም የሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

ሦስቱ መድኃኒቶች በር ላይ የቆሙ ዘበኞች ናቸው። ቴኖፎቪር አዴኒንን ይመስላል፣ ላሚቩዲን ሳይቶሲንን ይመስላል። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ አዲሱን ዲኤንኤ ሲጽፍ ተታልሎ ያስገባቸዋል። ከእነሱ በኋላ ግን ሌላ ፊደል መቀጠል አይቻልም፣ ጽሑፉ መሃል ላይ ይቆማል። ያመለጠ ካለ ዶሉቴግራቪር ኢንተግሬዝን ይይዘዋል፣ ገጹ ማህደር ውስጥ እንዳይሰፋ። ሦስቱም የሚሠሩት ከመሰፋቱ በፊት ነው። ቀድሞ የተሰፋውን ገጽ የሚገነጥል ክኒን የለም። ቫይረስ በብዛት የሚያመርቱት ህዋሶች በቀናት ውስጥ ይሞታሉ፣ አዲስ ህዋስ አይያዝም፣ ስለዚህ ቢጫው ይጠራል። ጥቂት ህዋሶች ግን ተኝተው ይቆያሉ። እነዚህ ሰውነት ለወደፊት ብሎ የሚያስቀምጣቸው የማስታወሻ ህዋሶች ናቸው፣ ለዓመታት ይኖራሉ። የተኛ ህዋስ ማህደሩን አይገልጥም። ሲነቃ ይገልጣል።

ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ ማጥባት ጀመረች። ከዚያ ቱቦውን ቀና ብላ አየችው።

«ሊጡ አልቋል፣ እርሾው ግን ቡሃቃው ውስጥ አለ በይኛ» አለች።

ቀጠለች። ሊጡን ጠርጋ ጋግራ ስትጨርስ ቡሃቃው ባዶ ይመስላል። በማግስቱ አዲስ ዱቄት ስታቦካበት ግን እርሾ ባትጨምርም ይነሳል፣ ጥጉ ላይ በቀረው። ታጥቦ እንኳ አንዳንዴ ይነሳል። ለዓመታት ሳስተምር እንዲህ ያለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሊጡ አርኤንኤው ነው፣ ዛሬ የሚታየው፣ የሚቆጠረው፣ የሚያልቀው። እርሾው ዲኤንኤው ነው። ክኒኑ ዱቄት እንዳይገባ የሚከለክል እጅ ነው።

በዚያ ቀን ያደረግነው

ከእናትየው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ደም ቀዳን። ከልጅቷ ተረከዝ ደግሞ የደም ጠብታ ወስደን በካርዱ ላይ ያሉትን ክቦች ሞላን። የሁለቱ ናሙና አያያዝ በራሱ ትምህርት ነው። የእናትየው ሰዓት ይቆጠርበታል። አርኤንኤ ስለሆነ ደሙ በ24 ሰዓት ውስጥ መዞር፣ ቢጫው ተለይቶ መቀዝቀዝ አለበት። መብራት ሲጠፋ፣ የናሙና ተሽከርካሪ ሲዘገይ፣ እኔ የማስበው ያቺን አንድ ኦክስጅን ነው፤ በእያንዳንዷ ሰዓት ሰንሰለቱን ትቆርጣለች። የልጅቷ ካርድ ግን መደርደሪያው ላይ ተኝቶ አየር ላይ ደረቀ፣ እርጥበት መምጠጫ ካለው ከረጢት ጋር ታሽጎ ያለ በረዶ ሄደ። ህዋሶቹ ወረቀቱ ላይ ደርቀዋል፣ ውስጣቸው ያለው ዲኤንኤም አብሮ ደርቆ ይጠብቃል።

ማሽኑ ጋ ሲደርሱ ሌላ ልዩነት አለ። ፒሲአር ዲኤንኤን ብቻ ነው የሚያባዛው፤ አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አራት እያለ፣ በ30 ዙር ከቢሊዮን በላይ ያደርሰዋል። አርኤንኤ ለመቁጠር መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ መለወጥ ያስፈልጋል። ለዚህ የምንጠቀመው ያንኑ ዓይነት ኢንዛይም፣ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ነው። ቫይረሱ ሰው የሚይዝበትን ዓይነት መሣሪያ እኛ ቫይረሱን ለመቁጠር እንጠቀምበታለን። ሌላም ልበል፣ የሕፃናቱን ምርመራ ሁላችንም በልማድ «ዲኤንኤ ፒሲአር» እንለዋለን፣ አዳዲሶቹ ማሽኖች ግን ከካርዱ ላይ ሁለቱንም ሞለኪውሎች አብረው ይፈልጋሉ። ስሙ ቀርቷል።

ሐኪሙ በዚያው ቀን እናትየውን መድኃኒቷን አስጀመራት፣ ለልጅቷም መከላከያ ሽሮፑን መለሰላት። የ6 ሳምንቷ ኔጌቲቭ ውጤት ያለፈውን እንጂ ከዚያ በኋላ በጡት የመጣውን አይነግረንምና መጠበቅ ነበረብን።

የእናትየው ቀድሞ መጣ። በአንድ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ 41,000 የቫይረሱ አርኤንኤ ኮፒ። ከሁለት ወር ተኩል በፊት ምንም ያልታየበት ቢጫ ነው። ይህ እሷ ላይ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ መድኃኒት ያቆመ ሰው በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አርኤንኤው ይመለሳል። አሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 የተወለደች አንዲት ሕፃን ነበረች። በተወለደች በ30 ሰዓቷ መድኃኒት ጀመረች፣ ከ18 ወር ገደማ በኋላ ተቋረጠባት፣ ግን ለ27 ወር ቫይረሱ ደሟ ውስጥ አልታየም። ዓለም ድናለች ብሎ ተደሰተ። በ2014 ተመለሰ። ለዚያን ያህል ጊዜ በየትኛው ህዋስ ውስጥ እንደተኛ ማንም አላየውም። ይህን ታሪክ ለእሷ ስነግራት የጠየቀችው ስለ ሕፃኗ እናት ነበር።

የልጅቷ ውጤት ሦስት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ሳምንታት ሁለቴ በእግሯ መጣች፣ ስልክ እንደምንደውል ብንነግራትም። ውጤቱ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ኔጌቲቭ።

በዚህ ጊዜ «ምንም የለም» አላልኳትም። «ከልጅሽ ህዋስ ውስጥ የቫይረሱ ዲኤንኤ አልተገኘም። ጡት ካቆመች ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ እናየዋለን» አልኳት። ረጅም ነው፣ ሰልፍ ላይ አይመችም፣ ግን ወደ ቤቷ ይዛው የምትሄደው ይህንን ነው።

ከዚያ ወዲህ

ኬዝ ማናጀሯ ሦስት ወር ሙሉ ተከታተለቻት። አንድ ማክሰኞ አማቷም አብረው መጡ፣ በራሷ ፈቃድ ነው፣ ልትነግራቸው ወስና። አሮጊቷ የቱቦውን ታሪክ ሰሙና የእርሾውን ነገር ከምራታቸው በፊት አሉት። ብልቃጡ ከዱቄቱ ማዳበሪያ ወጥቷል፣ ጥጡም ቀርቷል። ከሦስት ወር በኋላ የተላከው ቫይራል ሎድ አልተገኘም ብሎ መጣ። ወረቀቱን ስሰጣት ቀደመችኝ።

«ቢጫው ውስጥ ነው አይደል?»

«ቢጫው ውስጥ ነው።»

እኛ ጋ የተለወጠው ትንሽ ነገር ነው። ውጤት የሚሰጥ ሰው ሁሉ የሚናገረውን አብረን ተቀምጠን ጻፍነው፦ «በደምሽ ፈሳሽ ክፍል ውስጥ ቫይረሱ አልተቆጠረም፤ ይህ ክኒኑ እየሠራ ስለሆነ ነው፤ ህዋስሽ ውስጥ የተኛው አለ፣ ክኒኑ ሲቆም ይነቃል።» መስኮቱ ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፈነዋል፣ ለእኛ ነው የተጻፈው። አልተገኘም የሚለው ውጤት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ ደግሞ፤ አርኤንኤው እንዲህ ሆኖ የሚኖር ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። በጡት ደግሞ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ይህንንም እንነግራለን፣ ደስታውን ከሰው መንጠቅ አልፈልግም።

ልጅቷ 18 ወር ሆኗት፣ ጡት ካቆመችም ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ የመጨረሻው ምርመራ ቀን ደረሰ። አሁን የእናቷ አንቲቦዲ ከደሟ ወጥቷልና ፈጣኑ ምርመራ ይበቃታል፤ ያው ክሊኒኩ የተጠቀመበት ዓይነት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነውና ሁለታችንም ዓይናችንን ሳንነቅል ጠበቅን። አንድ መስመር ወጣ። ደቂቃው እስኪሞላ ጠበቅን። አንድ ብቻ ነው።

ያንን የክሊኒኩን ወረቀት እስካሁን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ኖራለች፣ እጥፋቱ ላይ ተበልቷል። አውጥታ ከአዲሱ ጎን አስቀመጠችው።

«ይሄኛውን ልጣለው?» አለችኝ።

«ጣይው» አልኳት።